«ዝጋ» ሲሉት ያልዘጋው አባቴ

«ይኼ እኮ የኔ ሥራ ነበር» አለ አባዬ ዛሬ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ሰውዬ እየጠቆመ።

ሰውዬው እዚህ በስደት የምንኖርበት አገር፣ የሌላ ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው። «ከሕግ በላይ ማንም የለም» ሲል ከርሞ፣ የወዳጁን ክስ አዘግቶ ተገኘና ዛሬ ሥልጣኑን ለቀቀ።

እኛ እዚሁ ፊትዝሮይ ሰፈር ያደግን ልጆቹ አባዬን የምናውቀው ከተማ መሃል ቢሮ ሲያጸዳ ነው። ደሴ ዐቃቤ ሕግ እንደነበረ ሰምተናል፤ ለምን እንደተወው ግን ጠይቀነው አናውቅም።

ዛሬ ጠየቅሁት።

«አለቃዬ የዘመዱን ክስ ዝጋ አለኝ። አልዘጋም አልኩት። ከዚያ በኋላ አላሠራ አለኝ፤ የቢሮዬን ቁልፍ አስረክቤ ወጣሁ።»

ይኸው ነው። ሻዩን መጠጣት ቀጠለ።

እኔ ደግሞ ባለፈው ወር ተቆጥቼው ነበር! ያራቪል የሚባል ሰፈር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የመንግሥት ቤት ቶሎ እንዲደርሰው ፎርም ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እናንተ ጋ ተጨናንቄ እንደምኖር ይፈርሙልኝ» ሲለው፣ አባዬ «እዚህ ስትኖር አላየሁም» ብሎ ፎርሙን መለሰለት። ልጁ እስከ ዛሬ ስልካችንን አያነሳም። እኔም «ለአንዲት ፊርማ ይኼን ያህል!» ብዬ አኩርፌ ነበር።

ዛሬ ግን ኮራሁበት፣ ወላሂ! ያ ሁሉ ሥልጣን ያለው ሰው ያልቻለውን፣ ጽዳት ሠራተኛው አባቴ ችሎታል።

«ፌስቡክ ላይ ልጻፈው?» ስለው «የሰማሽውን ብቻ ጻፊ» አለኝ።

የእናንተስ ወላጆች ትተውት የመጡት ሥራ ምን ነበር? ለምንስ ተዉት? ጠይቋቸውና እዚህ ጻፉልን። አደራ፣ ምንም እንዳትጨምሩ፤ አባዬ ኮሜንቱን አንብቢልኝ ብሏል።