ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ሲሚንቶው በሰው ላብ ረጥቦ ያብለጨልጭ ነበር። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዷ እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝ። ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ ጫት ነጋዴ።

«ነይ አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ምን ሰርቀሽ ነው?»

«አልሰረቅኩም። ባለቤቴ የወደብ ሠራተኞችን ቤታችን ሰብስቦ ሲያወያይ ነው የያዙን።»

«ውይ! መስረቁ ይሻልሽ ነበር።»

ባለቤቴን የወንዶቹ ክፍል አስገቡት፤ ከግድግዳው ማዶ። ስኳር በሽታ ነበረበት። የመድኃኒቱንና የመርፌውን ቦርሳ በር ላይ ተቀበሉኝ። «ይደርሰዋል» አሉ።

ከመታሰራችን በፊት ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈራችን ሬዲዮና ማራገቢያ ይጠግን ነበር። አንድ ፈረንሳዊ ወታደር አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ፣ የተበላሸ ማራገቢያ ሊገዛ ሄዶ አንድ ሲዲ ጨምሮ መጣ። የሮክ አልበም ነው። መጀመሪያ ስሰማው ማጫወቻው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ጊታሩ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይዋልላል፤ ዘፋኙ ከሌላ ክፍል ሆኖ የሚያወራ ይመስላል፤ አንዱ ዘፈን ላይ ደግሞ ከበሮው ወደ ኋላ ይሄዳል። እየዋለ እያደረ ገባኝ። በቀትር አስፋልት ላይ የሚርገበገበውን ሙቀት ትኩር ብለው ቢያዩት መንገዱም ሰውም ቅርጹን ይለቃል። ያንን የሚመስል ሌላ ሙዚቃ አላውቅም። የግጥሙን ቋንቋ ሁለታችንም አንሰማም ነበር፤ ግን ሐዘን እንደሆነ፣ ሐዘኑም ማንንም እንደማይከስ እናውቅ ነበር።

የመጨረሻው ዘፈን ሲያበቃ ረጅም ዝምታ አለ። እንግዳ ሁሉ አለቀ ብሎ ወሬ ይጀምራል። እኔም መጀመሪያ ቀን ልነሳ ስል ባለቤቴ ጣቱን አነሳ።

«ቆዪ፣ አላለቀም።»

ከዝምታው ውስጥ ሽፋኑ ላይ ያልተጻፈች አጭር ዜማ መጣች። አንድ ጊታር ብቻ።

እስር ቤቱ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ጫቱ ሲገባ ጠባቂዎቹ ይረሱናል። ግድግዳው ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ ድምፅ ያሻግራል። ያኔ አልበሙን ከመጀመሪያው ጀምሬ አንጎራጉራለሁ።

«ባልሽ የሚወደው ይኼን ነው?» አለች ጫት ነጋዴዋ። «የታመመች ግመል እኮ ነው!»

ሴቶቹ ሳቁ። በኋላ ግን ራሷ ጄሪካን ገልብጣ ከበሮውን ትመታልኝ ጀመር። የመጨረሻውን ዘፈን ጨርሼ ዝም ስል ያቺ አጭር ዜማ ከማዶ በፉጨት ትመጣለች። አለ ማለት ነው። ሰንበት ሲል ፉጨቱ ትንፋሽ አጠረው፤ ግን አንድም ቀን ሳይመልስ አልቀረም።

አንድ ቀን ጨርሼ ዝም አልኩ። ዝምታው ረዘመ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ጫት ነጋዴዋ እጇን ከጄሪካኑ ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

በሩ ተከፈተ።

«ማዳም፣ ዕቃሽን ያዢ። ተፈትተሻል» አለች ጠባቂዋ በፈረንሳይኛ። ፊቴን ግን ማየት አልቻለችም።

«ባለቤቴስ?»

«ውጪ ይነግሩሻል። ተነሽ።»

ገባኝ። ጣቴን አነሳሁ።

«ቆዪ፣ አላለቀም» አልኳት በአማርኛ።

ልትጮህ ስትል ጫት ነጋዴዋ በሶማልኛ አንድ ነገር አለቻት። ጠባቂዋ በሩን ይዛ ቆመች። ያቺን አጭር ዜማ በእሱ ፈንታ እስከ መጨረሻው አንጎራጎርኩ። ከዚያ ሻሼን አስተካክዬ ተነሳሁ።

በር ላይ ቦርሳውን መለሱልኝ። መርፌዎቹ እንዳስገባኋቸው ነበሩ።

ሲዲው አሁንም አለ። የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ማዶ የጎረቤት ኩሽና ነው፤ ድስት ሲንኳኳ ይሰማል። አልበሙ ሲያልቅ ማጫወቻውን አላጠፋም። ዜማዋ ከፊት ለፊቴ ካለው ማጫወቻ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ጆሮዬ ግን እስከ ዛሬ ወደ ግድግዳው ነው።