ጨርቁ ሲደርቅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊያችን የስፌት መኪናውን አሳየኝና፣ «የምትሰፊው ቀበቶ የሰው እግር ላይ ይታሰራል፤ ኤሌክትሪክ ያልፍበታል» አለኝ። «አሉኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ ይለኛል። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቦታው ነፋስ ስልክ የነበረች አንዲት ትንሽ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ።

ጡንቻ በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃው ማሽን፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፉት ፓዶች አልቀውበት ነበር። ስለዚህ ከአሮጌ የመብራት ገመድ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦ እየፈታሁ የአቡጀዲ ቀበቶ ላይ እሰፋለሁ። ቀበቶው በጨው ውሃ ተነክሮ ይታሰራል፤ ማሽኑ ሲከፈት የዛለው ጡንቻ ይኮማተራል። ጨርቁ ከደረቀ ግን ያቃጥላል። ይህን ኃላፊው ራሱ ነው ያስተማረኝ።

ጋሽ ወልዴ የሀና ማርያም ሸማኔ ነበሩ። ስትሮክ ቀኝ እግራቸውን አድክሞባቸው የሽመናውን መርገጫ መርገጥ አቅቷቸዋል። በሁለተኛው ወር እግራቸው ቀና ማለት ጀመረ። «ለፋሲካ ነጠላሽን ከኔ ትለብሻለሽ» አሉኝ።

አንድ ቀን ክሊኒኩን ሊጎበኙ እንግዶች መጡ። ኃላፊው የጋሽ ወልዴ እግር ላይ ቀበቶውን አስሮ፣ ማሽኑን ከፍቶ ገለጻ ጀመረ፤ ገለጻው አያልቅም። ጨርቁ መድረቁን አይቼ የውሃውን ጣሳ ይዤ ቀረብኩ።

«እንግዳ ፊት ውሃ አታንጠባጥቢ!» ብሎ በክርኑ ገፋኝ።

እግራቸው ሲነሣ እንዲታይ ማዞሪያውን አዙሮ ኤሌክትሪኩን ጨመረ። «እንዴት ነው ጋሽ ወልዴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ደገመና ጨመረ። «አሁንስ?»

«ተመስገን ልጄ።» ግንባራቸው በላብ ርሷል። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ቀበቶውን ስፈታ ቆዳቸው አብሮ ተላጠ። «ምነው ዝም አሉ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«በሰው ፊት ላሳፍረው እንዴ?» አሉኝ።

በማግስቱ ለፊርማ የመጣልኝ ሪፖርት «ታካሚው ቅሬታ አላቀረቡም» ይላል። አልፈርምም አልኩ። «ጠይቄያቸው የለ እንዴ? አንቺም ሰምተሻል» አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጠየቀ ይባላል ይሄ? ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ተመስገን» እንደሚል ያጣዋል? በራሴም እናደዳለሁ። ሶኬቱ አጠገቤ ነበር።

ቁስሉ አመረቀዘ። እስኪድን ማሽን አይታሰብም፤ እግራቸው መልሶ ዛለ። ፋሲካ ሲደርስ የሽመና ዕቃቸውን ለጎረቤት ሰጥተውት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት ታካሚን «እንዴት ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «ይነዝራል ወይስ ያቃጥላል?» እላለሁ። ምንም ይመልሱ ምን፣ ማሽኑን አጥፍቼ ጨርቁን በእጄ እዳብሳለሁ። ከደረቀ ሶኬቱን እነቅላለሁ፤ ማንም ፊት ቢሆን።