የማይጠጣው ሾፌር ጉበት

ላጲሶ መሪ ከጨበጠ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አልኮል ከንፈሩን ነክቶት እንደማያውቅ ላምበረት መናኸሪያ ያለ ሰው ሁሉ ይመሰክርለታል። ጠዋት ከላምበረት ደብረ ብርሃን ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። መንገድ ላይ አውቶቡሱን የሚያቆምባት የሸኖ ሆቴል ባለቤት ሴትዮም ጠባዩን ታውቃለች። ተሳፋሪ ይዞ የሚመጣ ሾፌር በነጻ ስለሚበላ፣ ገና ከመቀመጡ ጥብሱ እየተንጨረጨረ ይመጣለታል፤ ወዲያው "ለጴንጤው ቀዝቃዛ ለስላሳ!" ብላ ወደ ጓዳ ትጣራለች። እሱም ይስቃል፤ ጠርሙሱን በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል፤ ሁለተኛው ይከተላል።

አለመጠጣቱ የእምነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ላጲሶም ባለቤቱ ብርነሽም የሆሳዕና ልጆች ናቸው። የብርነሽ አባት አረቄ የበላው ሰው ነበር። መሬቱን ሸጦ ጠጣ፣ ከብቱን ሸጦ ጠጣ፣ በመጨረሻ ሆዱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሞተ። ላጲሶ ሽማግሌ የላከ ጊዜ ብርነሽ ራሷ ለብቻው ጠርታ አነጋገረችው።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ትጠጣለህ?"

"አልጠጣም።"

"ወደፊትስ?"

"ወደፊትም።"

በዚህ ቃል ተጋቡ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፣ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገቡ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ኖሩ። ስለ መጠጥ በመካከላቸው ዳግመኛ ተነስቶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ላጲሶ የሚሠራበት የትራንስፖርት ማኅበር ሾፌሮቹን በሙሉ ተመርመሩ አለ። ላጲሶም ተመረመረ፤ የታሸገውን ውጤት ሳይከፍት ወስዶ ለስምሪት ኃላፊው ለአቶ ገብረእዝጊ ሰጠ። አቶ ገብረእዝጊ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ላጲሶ፣ እስኪ በሩን ዝጋው።"

ዘጋው።

"በቀን ስንት ነው?"

"ምኑ?"

"የምትጠጣው ነዋ! ጉበትህ ላይ ስብ አለ፣ ደረጃ ሁለት ይላል። የጉበትህ ኢንዛይምም ከልክ በላይ ነው። ወንድሜን የቀበርኩት እኮ በዚሁ በሽታ ነው።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ቀምሼ አላውቅም።"

"እሱም እንዲህ ነበር የሚለኝ" አሉ፣ ድምፃቸው እየለዘበ። "ከኋላህ ሃምሳ ነፍስ ነው የምትጭነው። ስፔሻሊስት አይቶህ ወረቀት እስክታመጣልኝ ድረስ ቁልፉን እዚህ አስቀምጠው።"

ላጲሶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ዘጠኝ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቤቱ ገባ። ብርነሽ በዚያ ሰዓት ስታየው ደነገጠች፤ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ተቆጥታ "ማን ነው እንዲህ የሚልህ!" ትላለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አላለችም። እጇን ታጥባ ወጥ ማማሰሏን ቀጠለች።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን አስጠኚ ዘንድ አድርሶ ሲመለስ ብርነሽን በረንዳው ላይ አገኛት። የሥራ ጃኬቱን ይዛለች፤ ኪሶቹ ሁሉ ተገልብጠው ወጥተዋል። አንገትጌውን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ታሸታለች።

"ምን እየፈለግሽ ነው?"

ጃኬቱ ከእጇ ወደቀ። "ላጥበው ብዬ ነው።"

ከትናንት በስቲያ ነበር ያጠበችው። ላጲሶ ጃኬቱን አንስቶ ኪሶቹን አንድ በአንድ መለሰ። አቶ ገብረእዝጊ ቁልፉን ሲቀበሉት ያልተሰማው ውርደት ያኔ ተሰማው።

"ብርነሽ" አላት እንደ ምንም ብሎ፣ "ሰኞ ሐኪም ዘንድ ስሄድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ከእኔ አትስሚ፣ ከሐኪሟ ስሚ።"

ሐኪሟ ዶክተር ሀጀር ትባላለች፤ ጉርድ ሾላ አንድ ፎቅ ላይ ክሊኒክ ያላት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናት። ቀስ ብላ የምትናገር፣ ስትሰማ ብዕሯን የምታስቀምጥ ሴት ናት። ደሙን እንደገና አስመረመረች፣ የጉበት ቫይረስ እንደሌለበት አጣራች፣ በአልትራሳውንድ ራሷ አየችው። ከዚያ ሁለቱን ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻቸው። ብርነሽ መታገሥ አልቻለችም።

"ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ባሌ ይጠጣል?"

ዶክተር ሀጀር ወደ ላጲሶ ዞረች። "ከጠዋት እስከ ማታ የሚበሉትንና የሚጠጡትን ይንገሩኝ። ውሃም ቢሆን አይዝለሉ።"

ላጲሶ እንደ ምስክር ቃሉን ሰጠ። ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ሦስት ቦምቦሊኖና አራት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ። ሲሄድ ሸኖ ላይ ጥብስ በነጭ ዳቦ፣ ሁለት ለስላሳ። ደብረ ብርሃን ደርሶ ተሳፋሪ እስኪሞላ አንድ ለስላሳ ከብስኩት ጋር። ሲመለስ እንቅልፍ እንዳያሸልበው አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት።

"በቀን አምስት ጠርሙስ?" አለች ብርነሽ። "ቤት እኮ አንድም አትጠጣም!"

"ቤት ስገባማ ጠግቤ ነው የምገባው" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላስ?" አለች ዶክተሯ።

"እሱ... የጾም ምግብ አይደለም እንዴ? እኛ ደግሞ አንጾምም።"

ዶክተር ሀጀር ሳቋን መለስ አድርጋ ወደ ብርነሽ ዞረች። "ጉበት ላይ ስብ የሚያመጣው መጠጥ ብቻ አይደለም። አንድ ጠብታ ያልቀመሱ፣ እኔ ራሴ የማክማቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ስኳሩና ነጭ ዱቄቱ ሲበዛ፣ ሰውም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲውል፣ ጉበት የተረፈውን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ሌላም ነገር አለ። አንጀታችን ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ጠቃሚዎቹ የሚመገቡት የጎመኑን፣ የባቄላውን፣ ያልተፈተገውን እህል፣ ሆድ የማይፈጨውን አሰር ነው። እሱን ሲያጡ ይመናመናሉ፤ ሌሎቹ ቦታውን ይይዛሉ። የአንጀት ግድግዳም ሊላላ ይችላል፤ ያኔ ጉበትን የሚያስቆጣ ነገር ያልፋል። ከአንጀት የሚወጣ ደም መጀመሪያ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነውና።"

ትንሽ አሰብ አደረገችና ቀጠለች። "አንዳንድ ሰዎች ላይ እንዲያውም ከስኳር አልኮል የሚሠሩ ባክቴሪያዎች በዝተው ተገኝተዋል። ጥናቱ ገና ነው፤ የባለቤትዎ እንዲያ ነው አልልዎትም።"

ብርነሽ ዓይኗ ፈጠጠ። "ሆድ ውስጥ ጠላ ይጠመቃል ማለት ነው?"

"በትንሹ፣ በአንዳንድ ሰው፣ ምናልባት" አለች ዶክተር ሀጀር፤ አሁን ሳቋን አልያዘችውም። ላጲሶም ሳቀ። ብርነሽ ግን አልሳቀችም፤ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር።

ለአቶ ገብረእዝጊ የሚሰጥ ደብዳቤ ተጻፈ። እሳቸውም ሁለቴ አነበቡትና "እንግዲህ ለስላሳ ነው ይላል" ብለው ቁልፉን መለሱለት። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም። ወሬው ግን ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ኖሯል። በሴቶች ጸሎት ላይ አንዷ ብርነሽን እቅፍ አድርጋ፣ "እህቴ፣ መጠጡ እንዲለቀው ስለ ባልሽ እየጸለይን ነው" አለቻት።

"ባሌ አይጠጣም" አለች ብርነሽ ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ከጸለያችሁ ለስላሳው ይልቀቀው ብላችሁ ጸልዩ።"

ለስላሳውን መተው ግን ቀላል አልሆነም። ብርነሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስታ የገብስ ቂንጬ ትሠራለታለች፤ ምሳ ዕቃው ውስጥ ሽሮ፣ ምስር ወይ የተቀቀለ ባቄላ በጎመን ትጨምራለች። የሸኖዋ ሴትዮ ምሳ ዕቃውን ስታይ ተቀየመች፤ "እጄ ከፋህ?" አለችው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሆዱ እየተነፋ አስቸገረው፣ ራሱን አመመው፣ ተሳፋሪ ላይ ጮኸ። ማታ ማታ ከላምበረት እስከ ጉርድ ሾላ በእግሩ እየሄደ ታክሲ ከዚያ መያዝ ጀመረ፤ መጀመሪያ ሰሞን አጥር እየተደገፈ ያርፍ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ሐሙስ ቤቱ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

"ብርነሽ፣ ዛሬ ጠጣሁ።"

ብርነሽ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋው እጇ ላይ ቀረ። "ምን?"

"ለስላሳ። ሸኖ ላይ። ሁለት።"

ቀና ብላ አየችው። ይህ ሰው ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳያሸተው፣ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ጠጣሁ ብሎ በር ላይ ቆሞ ይናዘዛል። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"አባቴ ባዶ ጠርሙሱን የሚደብቀው እንሰቱ ሥር ነበር" አለች። "እናቴ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ታሸት ነበር። እኔ እንደሷ አልሆንም ብዬ ነው አንተን የጠየቅኩህ። ያን ቀን በረንዳው ላይ እሷን ሆኜ አገኘሁት ራሴን። ይቅር በለኝ።"

ላጲሶ ጫማውን አወለቀ። መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ቢላዋውን አንስቶ የቀረውን ሽንኩርት መላጥ ጀመረ። ሁለቱም ዓይናቸው አለቀሰ፤ የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ አልተጠያየቁም።

በስድስተኛው ወር ጉርድ ሾላ ተመለሱ። ዘጠና አራት ኪሎ የነበረው ሰውዬ ሰማንያ ስድስት ሆኗል። የጉበቱ ኢንዛይም ወርዷል፤ ስቡም ከደረጃ ሁለት ወደ አንድ ዝቅ ብሏል። "አልጨረስንም" አለች ዶክተር ሀጀር። "አሁን ቢያቆሙ ተመልሶ ይመጣል። ግን ጉበት ዕድል ከሰጡት የሚያገግም አካል ነው።"

ላጲሶ አመስግኖ ሊነሳ ሲል ብርነሽ እጁን ያዘችው። "ዶክተር፣ እኔንም ይዩኝ። ቤት ውስጥ ዳቦውንም ስኳሩንም የምጨርሰው እኔ ነኝ። የአባቴም ጉበት..." አልጨረሰችውም።

አልጋው ላይ ተጋደመች። ላጲሶ የራሱ በታየ ጊዜ እንዲህ አልፈራም ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ግራጫ ነገር ምንነቱን ሳያውቅ ቆሞ ዓይኑን ሳይነቅል ያየው ጀመር። ዶክተር ሀጀር መሣሪያውን ወዲህም ወዲያም አደረገች፤ አንድ ቦታ ላይ ቆየች፤ እንደገና ተመለሰችበት።

"ንጹህ ነው" አለች በመጨረሻ።

ላጲሶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ብርነሽ ገና እንደተጋደመች አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "ምነው አንተ፣ አመመህ እንዴ?" አለችው።

"አላመመኝም" አለ። "ትንሽ ልቀመጥ።"