ውቢትን ሦስት ጊዜ ቆጠርኳት

ውቢት ወደ ቀበሌያችን የመጣችው በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። የጃናሞራ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ አንድ ዓመት የጤና ትምህርት ተምራ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ተብላ ተመደበችልን። ቃሉ ለአፋችን ስለከበደን «ጤናዋ» አልናት። ከእኛ እስከ ደባርቅ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ እሷ የክትባቱን ሳጥን በትከሻዋ አንግታ፣ በዚያች በላስቲክ ጫማዋ፣ በሳምንት ሁለቴ ትመላለሰው ነበር።

አንድ አመል ነበራት። ሰው ቤት ስትመጣ ሰላምታውን ሳትጨርስ ጓሮ ዞራ የመጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈሩን ታያለች። ጎረቤቴ የኔሰው ታዲያ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት «ይቺ ልጅ ባል የምትመርጠው ጉድጓዱን ለክታ ነው» አለ።

«አዎ ጋሼ» አለችው፣ «የአንቱ ገና ከጉልበት አላለፈም።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የኔሰው በዚያው ሳምንት ዶማውን አንስቶ ቁመቱን ያህል ቆፈረ።

የየትናየት ምጥ ሲጠና በቃሬዛ አሸክማ ደባርቅ ያደረሰቻትም እሷ ናት። ልጅቱ በሰላም ተወለደች፤ ሲሲ ብላ የጠራቻትም ራሷ ውቢት ነበረች፣ ስሙ በዚያው ቀረ። የትናየት ከቤቴ በታች ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ ሲሲም አፏን የፈታችው በእኔ ደጅ ነው ማለት እችላለሁ።

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። አባቴ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል የታወቁ ሰው ነበሩ። ፊደል አስቆጥረውኛል፤ ከዚያ በላይ ግን «ለሴት ምን ያደርጋል» ብለው አቆሙኝ። እኔ ግን ሰው ኮከቡን ሊያስቆጥር ሲመጣ ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ለየፊደሉ ቁጥር አለው። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ደምረው፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየገደፉ፣ የቀረውን ያያሉ። እኔም በመስማት ብቻ ለመድኩት። አባቴ ከሞቱ በኋላ አንዳንድ ሴት ልጇን ልትድር ስትል ትመጣና ታስቆጥረኝ ነበር። ባሌ ካረፈ ወዲህ ግን እሱም ቀረ። ሰው «እንደምን አደሩ» ብሎኝ ያልፋል እንጂ ምንም የሚጠይቀኝ አልነበረም።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ የካቲት ላይ የኩፍኝ ክትባት መጣ። ውቢት በየቤቱ እየዞረች ልጆቹን ትመዘግብና በሩ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች፤ ከላይ የቤቱን ቁጥር፣ ከሥር የልጆቹን ብዛት፣ ከዚያ ቀኑን። ስትጽፍ ጮክ ብላ ታነበው ነበር፤ ምንም የደበቀችው አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ዘመነ ሱቅ አለው። በሶላር የሰው ሞባይል ይሞላል፣ ስለዚህ ከሱቁ ደጅ ሰው አይጠፋም። ክትባቱ በተጀመረ በማግስቱ ጨው ልገዛ ብሄድ ሴቶቹ በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው።

«አክስቴ፣ ነይ እይ» አለኝ ዘመነ። «ፌስቡክ ላይ ወጥቷል።»

በር ነው። በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ዙሪያውን በቀይ ከበውታል። ከሥሩ «ልብ ያለው ልብ ይበል» ይላል። ቁጥሩን እንዲህ ብትደምረው፣ እንዲያ ብትቀንሰው፣ ሦስት ስድስት ይወጣል፤ የአውሬው ምልክት ነው፣ ምልክት የተደረገበት ቤት ልጆች ለእሱ ተጽፈዋል ይላል። በክትባቱ ሳጥን ላይ ያለውን፣ ዱላ ላይ የተጠመጠመውን እባብም ለብቻ አጉልተው አሳይተውታል።

«ይኸው እንግዲህ!» አለች አንዷ። «ምልክቱን በጃችን አስጻፍን።»

ያ በር የማን አገር በር እንደሆነ የጠየቀ የለም። የብረት በር ነበር። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ የብረት በር የነበረው ዘመነ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የእሱ በር አልነበረም። እኔ ይህን አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም አልኩ።

የትናየት ሲሲን አዝላ ቆማ ነበር። ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ አንቱ የመሪጌታ ልጅ ነዎት። እስቲ አንቱ ይዩልን።»

ሁሉም ዞሩ። መቀመጫ ተለቀቀልኝ። የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም፤ ያ ደስታ ነው እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ።

«የውቢት እናት ስሟ ማን ነው?» አልኩ።

«ማንጠግቦሽ።»

ደመርኩ፣ ገደፍኩ። ሦስት ቀረ። ፌስቡኩ የሚፈልገው ስድስት ነው። «ቆይ፣ በክርስትና ስሟ ነው የሚሆነው» ብዬ እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። ሴቶቹ ጣቴን እያዩ ይጠብቃሉ። በሦስተኛው የቀበሌያችንን ስም ጨመርኩበት። ስድስት ቀረ።

«ስድስት!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ስለ ሦስቱና ስለ አሥራ አንዱ ትንፍሽ አላልኩም። በአባቴ ቆጠራም ስድስት ሰንቡላ የሚሉት ኮከብ ነው፤ ክፉ ነው ሲሉ አንድም ቀን አልሰማኋቸውም። ይህንንም አልተናገርኩም። ሴቶቹ አማትበው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሲመሽ የየበሩ ጠመኔ በእበት ተለቅልቆ ነበር።

በማግስቱ ለውቢት በሩን የከፈተላት ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ልጆቹን ወደ እርሻ፣ ወደ ዘመድ አሸሿቸው። አርብ ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ መጣች። ጓሮዬን አልዞረችም፤ ያኔ ነው ነገሩ መክፋቱ የገባኝ። ሳጥኗን አውርዳ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ የዓለምወርቅ፣ ስሜን ቆጠሩት አሉ።»

«ሴቶቹ ጠየቁኝ...»

«ስንት ወጣ?»

«ስድስት።»

«እሺ። እስቲ የአንቱን ይቁጠሩልኝ።»

«የእኔን ለምን?»

«ለማወቅ ነዋ። እኔም ስሜ ሲቆጠር አልነበርኩም፣ ልየው።»

የራሴን ስም ከእናቴ ከሸጊቱ ጋር ቆጠርኩ። አራት ወጣ። «አየሽ» አልኳት፣ ቀለል እያለኝ።

«በክርስትና ስምዎስ?»

ቆጠርኩ። ስድስት። ጣቴ እዚያው ቀረ።

«ይኸው፣ ለአንቱማ በሁለተኛው ወጣ» አለች። አልሳቀችም። «ለእኔ በስንተኛው ነው የወጣው?»

ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ዐይኗን ሳየው «በሦስተኛው» አልኩ።

«በሦስተኛው ባይወጣስ ይተዉኝ ነበር?»

መልሱን ሁለታችንም አወቅነው። አራተኛ እቆጥር ነበር። የአባቷን፣ የጫማዋን፣ የሳጥኗን ስም እጨምር ነበር፤ የፈለግኩት እስኪወጣ ድረስ። ያ ስልክ ላይ የጻፈውም ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው። ሲወጣለት አሳየን፤ ያልወጣለትን ማን አየው?

«እማማ፣ ክትባቱ እስከ ሰኞ ጠዋት አለ» አለች ስትነሳ። «እኔ ብናገር አይሰሙኝም። አንቱ አንዲት ቃል ቢሉ በቂ ነው። እሑድ ሰንበቴ ላይ ይበሉልኝ።»

«እሺ ልጄ» አልኳት። አዎ፣ እሺ ብያታለሁ።

እሑድ ቅዳሴ ወጥተን ሰንበቴው ላይ ተቀመጥን። የትናየት ጎኔ ናት፣ ሲሲ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ዳቦው ተቆረሰ። አሁን ልናገር አልኩ። ግን ቄሱ ምርቃት ጀመሩ። ከምርቃቱ በኋላ አልኩ። ከምርቃቱ በኋላ አንዷ ሴት ጎንበስ ብላ «እማማ፣ እግዜር ይስጥልን፤ አንቱ ባይኖሩ ልጆቻችንን አስጽፈን ነበር» አለችኝና ጉልበቴን ሳመች። ያ አፌን ዘጋው። ተሳስቻለሁ ብል ማን ይጠይቀኛል ከእንግዲህ? ድጋሚ «እንደምን አደሩ» ብቻ ልሆን ነው። ተነስቼ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ረፋድ ላይ ውቢት ሳጥኗን አንግታ በደጄ ወደ ደባርቅ ስታልፍ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ወደ ቤቴ ዞር አላለችም።

በሚያዝያ ኩፍኝ ገባ። በእኛ ጎጥ ብቻ ሰባት ልጆች ያዘ። ስድስቱ ተነሱ። ሰባተኛዋ ሲሲም ተርፋለች፣ ግን ቀኝ ዐይኗን አበላሸባት፤ ብሌኗ ላይ ነጭ ጣለ። ትኩሳቱ ሲጸናባት ልጅቱን በጀርባዋ አዝላ ደባርቅ ያደረሰቻት ውቢት ናት። በር በዘጋችባት እናት ቤት ስትገባ አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣትም አሉ። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ራስ ምታት ይዞኛል ብዬ ተኝቼ ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ ተዛወረች። ደረስጌ አካባቢ ናት ይላሉ፤ እዚያም ጓሮ እየዞረች ጉድጓድ ትለካለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰው ሲመጣ ሰላም ትልክልናለች፣ በስም እየጠራች። የእኔን ስም ትጠራ አትጠራ አልጠየቅኩም።

እሷ ከሄደች በኋላ አልቻልኩም። አንድ ጠዋት ወደ የትናየት ወረድኩ። ደጃፏ ላይ ሲሲን አስቀምጣ የዐይን ጠብታ ልታደርግላት ትታገላለች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ሦስቱን፣ አሥራ አንዱን፣ የብረት በሩን፣ አርብ ከሰዓት የሆነውን፣ እሑድ ዝም ያልኩትን። ትረግመኛለች ብዬ ነበር። ብትረግመኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የትናየት ቀና አላለችም። «እኔ እኮ እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «አላመንኩትም ነበር። ውቢት በምጤ ጊዜ ቃሬዛዬን ይዛ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ እንዴት አምናለሁ? አንቱን የጠየቅኩት ውሸት ነው እንዲሉልኝ ነበር። እነዚያ ሴቶች ፊት ብቻዬን እንዳልቆም ነበር።»

ሲሲን ወደ ጭኗ ሳበቻት።

«ይምጡ፣ ጭንቅላቷን ይያዙልኝ» አለችኝ። «ብቻዬን አልችላትም።»

ቁጭ ብዬ ትንሿን ጭንቅላት በሁለት እጄ ያዝኩ። ሲሲ ተንፈራገጠች፣ ጮኸች፣ በደህናው ዐይኗ ሽቅብ አየችኝ። አጥብቄ ያዝኳት፤ እናቷ ጠብታውን አደረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እወርዳለሁ። ስም ቁጠሩልኝ የሚል ሲመጣ ግን አልቆጥርም፤ ለምን ሲሉኝ ይህንኑ ነው የምነግራቸው።