ሲሚንቶ የለበሰው ጭቃ

ማዕረግ የቦንጋ እሳት አደጋ ሠራተኛ ናት፤ አንዴ እንቢ ካለች አበቃ። የጋሽ ኸሊፋ ሱቅ ሲቃጠል ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ዕቃ ሊያወጣ ግር ብሎ መጣ። እሷ በሩ ላይ መጥረቢያዋን አጋድማ ቆመች።

"አሳልፊኝ! ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለስኜዋለሁ፤ አይወድቅም!" አሉ ጋሽ ኸሊፋ።

"ለእኔ ነው የሚነግሩኝ? ቤቱ በደቦ ሲመረግ ጭቃውን ረግጫለሁ። ጣሪያውን የተሸከመው ውስጡ ያለው እንጨት ነው፤ እሱ ደግሞ እየነደደ ነው።"

ጋሽ ኸሊፋ ገፏት። ንቅንቅ አላለችም። ወዲያው ልስኑ ተሰነጠቀና ጣሪያው ከነቆርቆሮው ወደ ውስጥ ተደረመሰ።

ጋሽ ኸሊፋ ራሳቸውን ይዘው ጮኹ፦ "ዕቃዬን በእሳት አስበላሽኝ!"

"አዎ፣ አስበላሁ" አለች መጥረቢያዋን ሳታወርድ። "እርስዎን ግን አላስበላሁም። ከፈለጉ ይክሰሱኝ!"