ሁለቴ የሚያነሳው ባሌ

ባሌ ሰው ፎቶ ሲያነሳ ሁለቴ ነው። አንዴ ያነሳና፣ ሰው ትንፋሹን ለቆ ሊበተን ሲል «ቆይ ቆይ፣ ልድገማት» ይላል። ለምን ሲሉት መልሱ «አንዷ ብትበላሽ» ነው። ሐይቅ ከተማ እሱ ያነሳው የሰርግ ፎቶ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የኛም አልበም መንታ በመንታ ነው። ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት የገባች ቀን፣ በፊተኛው ፎቶ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቀጥ ብላለች፣ በኋለኛው አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። ወንዱ ልጄ የፊት ጥርሱ የወለቀ ጊዜ፣ በፊተኛው ከንፈሩን ገጥሟል፣ በኋለኛው ድዱን ያሳያል። እኔ ደግሞ በፊተኛው ጨዋ ነኝ፣ በኋለኛው ከፊቴ ለቆመው ሰው በጣቴ ቀንድ ሳበቅልለት ነው የምገኘው።

እንግዲህ ይህ ሰው ሁለቴ ማንሳት የለመደው በኔ ጥፋት ነው። ሲደጋግም እያየሁ ስንት ዘመን ዝም አልኩ። ዝም ብል ደግ፣ እስቅበትም ነበር።

ነገሩ የሆነው ትልቋ ልጄ ክርስትና የተነሳች ጊዜ ነው። ባሌ ያኔ ጎረምሳ ነው፣ ካሜራዋም አዲስ ናት፣ ከልጅቷ እኩል ነው የሚያቅፋት። ለድግሱ ጓደኛው ከአምባሰል መጣ፤ አገሩ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ነው። እስላም ነው፣ ግን ከባሌ ጋር እንደ ወንድም ናቸው። በሰርጋችን ሚዜ እሱ ነበርና ከዚያ ወዲህ እኔን ሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም፣ «ሙሽሪት» ነው የሚለኝ። ለነሱ የሚሆነውን በግ ራሱ አረደ፣ ድስቱም ለብቻ ተጣደ፣ እናቱንም ይዞ ነበር የመጣው።

እናትየው አጠር ያሉ፣ ሳቂታ አሮጊት ናቸው። ፎቶ ግን በጭራሽ። ልጃቸው ስንቴ ለምኗቸዋል።

«የኔን መልክ አላህ ያውቀዋል፣ ሌላ ማን ሊያየው ነው» አሉ ያን ቀንም።

እኔ መች እተዋለሁ። አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ አልኩ። «ኧረ ለልጅዎ ይዘኑለት። ነገ ጀነት ሲገቡ በምን ያውቅዎታል? እዚያ ያለው አሮጊት ሁሉ ነጭ በነጭ ነው። የሰው እናት ጉልበት ሲስም ይኑር?»

ሳቃቸው መጣ። «ይቺን አፈኛ ተየት አመጣሃት?» አሉት ባሌን። ከዚያ ሻሻቸውን አስተካከሉና ከግቢያችን ግንብ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። ባሌ አነሳን። ያኔ አንዴ ነበር የሚያነሳው።

«አሁን የት አለሁ?» አሉ።

«እዚህች ውስጥ ነዎት፣ እናቴ» አለ ባሌ ካሜራዋን እያሳየ። «ፊልሙ ሲያልቅ ደሴ ወስጄ አሳጥብዎታለሁ።»

«ታጥቤማ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ እንግዶቹ ሄዱ፣ ባሌም የተዋስነውን ወንበር ሊመልስ ወጣ። ካሜራዋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። እንግዲህ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ስለ ፊልም የነገረኝ የለ። ድስት ቢሆን ክዳኑን አንስቶ ማየት ነው። ይህንንም እንደዚያው አሰብኩት። አሮጊቷ እንዴት እንደወጡ፣ እኔም ከኋላቸው ምላሴን ማውጣቴ ይታይ እንደሆነ ላይ ፈለግሁ። ጎኗን ስነካካ ክዳኗ ተከፈተ። ውስጡ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ጥብጣብ ብቻ ነው። ወደ መስኮቱ ወስጄ በፀሐይ አገላበጥኩት። ሰው የለበትም። አልበሰለም ማለት ነው ብዬ መልሼ ገጠምኳት፣ አልጋው ላይ እንደነበረች አስቀመጥኳት። ለማንም አልተናገርኩም፣ የሚነገር ነገርም አልመሰለኝ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አሮጊቷ አረፉ።

ለቅሶ ሄድን። ጓደኛው ባሌን አቅፎ ካለቀሰ በኋላ «አልሐምዱሊላህ፣ አንተ አንስተህልኛል። እሷን አምጣልኝ» አለው። ባሌ ቤት ገብቶ ሳያርፍ ካሜራዋን ይዞ ደሴ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ተቃጥሏል» አለኝ። «የክርስትናው በሙሉ። ፎቶ ቤቱ ያለው ሰውዬ ‹ሰው ከፍቶት ነበር?› ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ቤት ማንም አይነካትም አልኩት። ስገጥማት አላጠበቅኋት ይሆናል። ብርሃን ገብቶባት ነው።»

ያኔ ገባኝ። እጄ ላይ ሽንኩርት ነበር፣ መላጤን ቀጠልኩ። አሁን እነግረዋለሁ፣ ራቱን ይብላና እነግረዋለሁ፣ ሲነጋ እነግረዋለሁ እያልኩ ሲነጋ ወደ አምባሰል ሄደ። «በእጄ አበላሸኋት፣ ይቅር በለኝ» ብሎ ለጓደኛው ነገረው። ጓደኛውም «አብሽር፣ የአላህ ነው» ብሎ ሸኘው። እሱ አንዴ ጥፋቱን ከወሰደው በኋላ ከእጁ ነጥቆ የኔ ነው ማለት በየቀኑ እየከበደ ሄደ። ሰው ሆኖ እንዲህ ይፈራል? እኔ ባሌን ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት ያን «ማንም አይነካትም» ያለውን አፉን ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ሁለቴ ማንሳት የጀመረው። ክዳኗን ገጥሞ ደግሞ ያያታል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በአውራ ጣቱ ይጫናታል። ሰርግ ቢጠራ፣ ልደት ቢሆን፣ ወዳጆቻችን ለጥምቀት ቢሰበሰቡ «አንዷ ብትበላሽ»። 

ጓደኛው በበዓልና በድግስ ከኛ አይቀርም፣ እኛም ለአረፋ እነሱ ዘንድ ነን። ጊዜው ሲርቅ ሐዘኑን ቀልድ አደረገው። ባሌ ካሜራዋን ሲያነሳ «ወገኖቼ ተጠንቀቁ፣ ይህ ሰው እናቴን ከነሻሿ ጨለማ ውስጥ አስቀርቷታል» ይላል። ሰው ይስቃል። ባሌም አቀርቅሮ ይስቃል፣ በሸሚዙ ጫፍ መስታወቷን ይጠርጋል። እኔ ደግሞ እጨምርበታለሁ። «እሱን ነው? ሐይቁን አንሳ ቢሉት ተራራውን ይዞ የሚመጣ» እላለሁ። ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የኔ ሳቅ ነው። 

ዘንድሮ ይቺ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ተመረቀች። ግቢያችን ውስጥ ዳስ ጣልን፣ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ተጠበሰ። ጓደኛው ጉልበቱን እያመመው በባጃጅ መጣ። ባሌ ዛሬ ፊልም የሌላት ካሜራ ናት የያዘው፣ ልጃችን የገዛችለት፤ ያነሳውን ወዲያው ታሳያለች፣ እሱ ግን አሁንም ሁለቴ ነው። ተመራቂዋን አቁሞ አነሳ፣ ሊደግም ሲል ጓደኛው የለመደውን ቀልድ ቀለደ።

የልጅ ልጄ «አባባ፣ እናትዎ ምን ይመስሉ ነበር?» ብላ ጓደኛውን ጠየቀችው።

እሱ የሚያመውን ጉልበቱን አሻሸ። «ወላሂ ልጄ፣ እየጠፋኝ ነው» አለ። «ድምጿ አለ። መልኳን ሳስበው የእህቴ ፊት ነው የሚመጣብኝ።»

ያቺ በአሮጊቷ አጠገብ ቁጭ ብዬ የቀለድኳት ቀልድ ትዝ አለችኝ። በምን ያውቅዎታል ብዬ ነበር።

«እኔ ነኝ የከፈትኳት» አልኩ።

ሰው ሊስቅ ተዘጋጀ። ከኔ አፍ ሌላ ነገር አልለመደማ።

«አልቀለድኩም። ካሜራዋን በማግስቱ እኔ ነኝ የከፈትኳት። እናትህን ላይ ብዬ። እሱ የለበትም።»

ባሌ ካሜራውን ደረቱ ላይ አስደግፎ አየኝ። «መቼ?»

«ወንበር ልትመልስ ስትሄድ።»

አውራ ጣቱን አገላብጦ አየ። ኋላ «ቀጭ ስትል ሰምቼ ነበር እኮ» አለ። ለኔ አይደለም የተናገረው። «ስገጥማት ቀጭ ስትል በጆሮዬ ሰምቼ ነበር። ጆሮዬን ነው የካድኩት።»

ጓደኛው ውሃ ጠየቀ፣ ውዱእ አድርጎ ከዳሱ ጀርባ የአስር ሶላት ሰገደ። ያን ቀን ሶላቱ የረዘመ መሰለኝ። ሲመለስ ከፊቴ ተቀመጠ።

«በቅርብ ያያችኋት እናንተ ናችሁ» አለ። «እጇን የት አድርጋ ነበር?»

«ግራቸውን ጉልበታቸው ላይ» አልኩ። «በቀኛቸው የሻሻቸውን ጫፍ ይዘው አፋቸውን ሸፍነዋል፣ ሳቃቸው እንዳይታይ።»

«አፋቸውን አይደለም» አለ ባሌ። «አገጫቸውን ነው። አፋቸው ይታይ ነበር፣ በካሜራዋ ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ጥርሳቸው ከጎን የጎደለ ነው።»

«አዎ፣ ከጎን» አለ ጓደኛው። «በዚህ በኩል።» ጉንጩን ነካ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፣ እኛም ስለ ሻሻቸው ቀለም ስንከራከር ቆየን፣ እሱ ያዳምጣል።

ሊሄድ ሲነሳ ባሌ «ቁሙ» አለን። እኔና ጓደኛውን ከግንቡ ሥር አቆመን። ምላሴን አላወጣሁም፣ ጣቴንም አላነሳሁም። አነሳን። እኔ ለሁለተኛው እንደቆምኩ ነኝ።

«አባባ፣ አትደግምም?» አለች የልጅ ልጄ።

«ሰምቻታለሁ» አለ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አወረደ።

ባጃጁ ድረስ ሸኘነው። ባሌን አቅፎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ለኔ እጁን ዘረጋና «ደህና ሁኚ» አለኝ። ሙሽሪት አላለኝም። 

ባሌ ከዚያ ወዲህ አልተቆጣኝም፣ ብዙም አላናገረኝም። አንድ ቀን ብቻ አልበሙን ዘርግቶ መንታዎቹን ሲያይ አገኘሁት። «ኋለኞቹ ይሻላሉ» አለኝ ቀና ሳይል። ይቅርታ ይሁን ወቀሳ አልጠየቅሁትም።

ለአረፋ እንሄዳለን ብሏል። ያችን አንዷን ፎቶ አሳጥቦ በፖስታ አድርጓታል። ጓደኛው በሩን ሲከፍት ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ነው የማስበው፤ ቀን ሽንኩርት ስልጥም፣ ተኝቼም እሱን ነው የማስበው።