መጋረጃው የተጋረደበት ክፍል

ቱኒዚያ ልሄድ መሆኔን ሲሰማ፣ ሜልቦርን ላቨርተን ኖርዝ ባለው መጋዘን አብሮኝ የሚሠራው ቱኒዚያዊ ለመነኝ። «እህቴ፣ የእናቴን ቤት ፎቶ አንሺልኝ። እሷንም።» የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ስላላለቀለት አገሩን ካየ ዓመታት አልፈዋል።

እናቱ የሚኖሩት በርበሮች መሬቱን ፈልፍለው በሚሠሩት ዋሻ ቤት ውስጥ ነው። ቱሪስት እየገባ ያየዋል፤ መተዳደሪያቸውም ይኸው ነው። የፊተኛው ክፍል ያምራል። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፣ አልጋው ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሻርፓቸውን አስተካክለው ሰማያዊው በር ላይ ቆሙልኝ። ደጋግሜ አነሳኋቸው።

እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቆም አልችልም። ስልኬን እንደያዝኩ ወደ ውስጥ ዘለቅሁና የኋለኛውን ክፍል መጋረጃ ገለጥኩ። ጣሪያው ተሰንጥቆ በግንድ ተደግፏል። ከሥሩ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ የረገፈ አፈር። የሚተኙት እዚያ ነው። ፎቶ አነሳሁት። ወዲያው ከኋላዬ መጥተው እጄን ያዙኝ። አብራን የነበረችው የእህታቸው ልጅ አስተረጎመችልኝ። «ይቺን ለልጄ እንዳታሳዪብኝ ነው የሚሉት።»

«እሺ» አልኩ።

ሜልቦርን ተመልሼ፣ የምሳ ብሬክ ላይ የፊተኛውን ክፍል ፎቶዎች ብቻ ለይቼ ስልኬን ሰጠሁት። ፎቶዎቹን እያሰፋ ሳቀ። «አየሽ? ካንቺ የሜልተን ቤት ይሻላል!»

«የኔው ቢያንስ መስኮት አለው» አልኩት።

ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ይሄ አልጋ ሰው አይተኛበትም። የት ነው የምትተኛው?»

«ደውለህ ጠይቃታ።»

«እሷማ ደህና ነኝ ነው የምትለው።»

ይቺን «ደህና ነኝ» አውቃታለሁ። የእኛም ሰዎች ካገር ቤት ሲደውሉ ሌላ አይሉም። አያቴ መታመሟን የሰማነው ከተቀበረች በኋላ ነው። እናቴ እስካሁን ይቅር አላለቻቸውም። ስልኩን ተቀብዬ የኋለኛውን ክፍል ፎቶ አወጣሁና መለስኩለት።

ፎቶውን አሰፋው። «ቱሪስቶቹም ያዩታል?»

«አያዩም። እዚያ አይገቡም።»

«አንቺስ ምን ልታደርጊ ገባሽ?»

በዙሪያችን የሚበሉት ሁሉ ዞረው አዩን። ፎቶውን ወደ ራሱ ላከ፣ ከእኔ ስልክ አጠፋው፣ ምሳውን ሳይከፍት ተነስቶ ሄደ።

ወደ ቤት ስመለስ፣ ባቡር ላይ፣ ከእህታቸው ልጅ መልእክት ገባልኝ። «አክስቴ ይጠይቁሻል። ልጄ ፎቶዎቹን ወደዳቸው ወይ ይላሉ።»

ከፍቼዋለሁ፤ ማየቴ እዚያ ማዶ ይታያታል። ሜልተን እስክደርስ ስጽፍ፣ ስሰርዝ ነበር።